የቅዳሜው የካምቢዮ ዘይት

ሴት መካኒክ አይቶ የማያውቅ ሰው ጋራዣችን ሲገባ የሚጠይቀኝ ጥያቄ አንድ ነው። ቱታዬ ዘይት ጠጥቶ፣ መፍቻ ይዤ፣ ግማሽ አካሌ ሞተር ውስጥ ገብቶ እያየኝ «መካኒኩ የለም እንዴ?» ይለኛል። መልሴ እንደ ቀኑ ነው። ደስ ካለኝ «አለች፣ እኔ ነኝ» እላለሁ። ከከፋኝ «ሞቷል» ብዬ ወደ ሥራዬ እዞራለሁ።

ልብስ ሰፊው የመጣው በከፋኝ ቀን ነው።

«ሞቷል» አልኩት።

«ውይ!» አለና እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። «ነፍስ ይማር! መቼ? ምን ሆኖ?»

ቀና ብዬ አየሁት። የእውነቱን ነው። ሜትሩን ከአንገቱ ማውለቅ ረስቶ እንዳንጠለጠለው መጥቷል፤ ሸሚዙ ደረት ላይ መርፌዎች ሰክቷል፤ ፊቱ ላይ ደግሞ በማያውቀው ሰው ሞት የመጣ ኀዘን አለ። እንዲህ ባለ ሰው ላይ መቀለድ ግፍ ነው ብዬ አስቤ ሳልጨርስ፣ አባዬ በጀርባው እየተንሸራተተ ከጭነት መኪና ሥር ብቅ አለ።

«ማነው የሞተው?»

«አንተ» አልኩት።

«መቼ?»

«አሁን፣ ከምሳ በኋላ።»

«ምሳዬን ከበላሁማ ምን ቸገረኝ» አለና ተመልሶ ገባ።

ልብስ ሰፊው አንዴ እኔን አንዴ የጭነት መኪናውን አየና ሳቀ። ሲስቅ ትከሻው ሁሉ ነው የሚስቀው። እውነቱን ለመናገር እኔ ያለቀልኝ እዚያው ላይ ነው። ግን ማን ይነግረዋል? ኮስተር ብዬ «መኪናህ ምን ሆነች?» አልኩት።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ መካኒኳ እርስዎ ነዎት ማለት ነው?»

እርስዎ! ኋላ እንደገባኝ፣ ደንበኞቹ ሙሽሮችና የሙሽራ እናቶች ስለሆኑ ሴት ሁሉ ለእሱ እርስዎ ናት። እኔን ግን ጋራዥ ውስጥ እርስዎ ያለኝ ሰው አልነበረም። ሳላውቀው ቱታዬን ሳብ ሳብ አድርጌ አስተካከልኩ።

መኪናዋ የእናቱ ናት። እናቱ ጡረታ የወጡ አዋላጅ ናቸው፤ የሰፈሩ ልጅ ግማሹ ያቺን መኪና እየጠበቀ ነው የተወለደው። አሮጌ ሰማያዊ ኦቶማቲክ ናት። አሁን እሱ የሰፋቸውን ቬሎዎች ያደርስባታል፤ የኋላ ወንበሯ በነጭ አንሶላ ተሸፍኗል።

«ትጮኻለች እንጂ አትሄድም» አለኝ።

«እንደ አክስቴ ናታ።»

«ማርሽ ሳስገባ ትንሽ ታስባለች። ከዚያ ደስ ካላት ትሄዳለች። ዳገት ላይማ ሞተሩ እሪ ይላል፣ እሷ እዚያው ናት።»

«የካምቢዮ ዘይቷን አይተሃል?»

«በየጠዋቱ!» አለ ኮራ ብሎ። «ሙሉ ነው።»

ኮፈኑን ከፈተና መለኪያውን መዘዘ። ሞተሩ ጠፍቷል፣ መኪናዋ በረንዳው ጠርዝ ላይ አንድ ጎማዋን ሰቅላ ቆማለች፤ እሱ ሆዬ ከኪሱ ቁራጭ ነጭ ሐር አውጥቶ መለኪያውን በጥንቃቄ ይጠርጋል። የቬሎ ቅዳጅ ነው። ወይ ጉድ! በሐር የተጠረገ የዘይት መለኪያ አይቼ አላውቅም።

«አቁም» አልኩት። «ይሄ የሞተር ዘይት አይደለም። የካምቢዮ ዘይት የራሱ ወግ አለው። መጀመሪያ መኪናዋ ሜዳ ላይ ትቁም። ቀጥሎ ተነድታ ትሙቅ። ፍሬን ይዘህ ማርሹን በየቦታው ቀስ እያልክ አዙረውና ፓርኪንግ ላይ መልሰው። ሞተሩን አታጥፋ! ሞተሩ እየሠራ ሳለ መለኪያውን ታወጣለህ፣ ትጠርጋለህ፣ እስከ መጨረሻው መልሰህ ትከታለህ፣ ደግመህ ታወጣለህ። ያኔ ነው የሚነበበው። የመጀመሪያውን አትመን።»

እስክጨርስ ራሱን እየነቀነቀ ሰማኝ። ከዚያ «እንደ ሰው ልክ ነዋ» አለ።

«እንዴት?»

«ሙሽራ ለልክ ስትቆም ሆዷን ትውጣለች። ትንፋሿን ይዛ ሳለች ወገቧን ከለኩ፣ ቬሎው በሠርጉ ቀን ነው የሚቀደደው። ስለዚህ አጫውታታለሁ። ረስታው ስትተነፍስ እለካታለሁ።»

እኔ ለሰው ነገር መልስ የማጣ ሴት አይደለሁም። ያን ቀን አጣሁ።

ነዳናት፣ አሞቅናት፣ ሜዳ ላይ አቆምናት። ሁሉንም በወጉ አድርገን መለኪያውን ሳወጣው፣ እንዳለውም ዘይቱ ሙሉው መስመር ላይ ነው። በዚያች ነጭ ሐር ላይ ጠረግኩት። ቀይ ነው፣ ጥሩ ቀይ። አሸተትኩት፤ የመቃጠል ሽታ የለውም።

አባዬ እጁን እየጠረገ መጣ። አንዴ ነድቷት ተመለሰና «ካምቢዮዋ አልቋል፣ ይፈታ» አለ። አባዬ ይፈታ ካለ ይፈታል፤ እንዲህ ያለች አሮጌ መኪና ካምቢዮ ከተፈታ ደግሞ ዕቃ ተፈልጎላት እስክትገጠም ዓመት ይዞራል። የልብስ ሰፊው ትከሻ ወረደ።

እኔ ግን መለኪያውን አልለቀቅኩም። ጫፉ ጎበጥ ብሏል፣ የሆነ ነገር ሲገፋው የኖረ ይመስላል።

«ይሄ መለኪያ ከመኪናዋ ጋር የመጣው ነው?»

ልብስ ሰፊው እንደ ቲማቲም ቀላ። «ድምፅዎን ቀነስ ቢያደርጉት። እናቴ አታውቅም።»

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ጠዋት ዘይቱን አይቶ መለኪያውን ኮፈኑ ላይ አስቀመጠና ረስቶት ነዳ። መንገድ ለመንገድ ፈልጎ አጣው። አሮጌ ዕቃ ከሚሸጡበት ሄዶ፣ ሻጩ ምሎ ተገዝቶ «ይሄው ራሱ ነው» ያለውን አምጥቶ ከተተ። መግባቱንማ ገብቷል።

«አባዬ፣ ካምቢዮው ደህና ነው» አልኩ። «ውሸታሙ መለኪያው ነው። ለዚህች መኪና ረዝሞባታል። ጫፉ ከሚገባው በላይ ስለሚጠልቅ ዘይቱ ጎድሎም ሙሉ ይላል።»

አባዬ ጎንበስ ብሎ የጎበጠውን ጫፍ አየ። «እርግጠኛ ነሽ?»

ሠራተኛው ሁሉ ሥራውን አቆመ። ለምን መሰላችሁ? በእኛ ጋራዥ በር ላይ ቀይ የተቀባ ሚስማር አለ። ተሠርቶ የወጣ መኪና በዚያው ሕመሙ ተመልሶ ከመጣ፣ አባዬ ምንም ሳይናገር ቁልፉን እዚያ ሚስማር ላይ ይሰቅለዋል። ቀኑን ሙሉ ተሰቅሎ ይውላል። የሠራው ሰው ከሥሩ ሲወጣ ሲገባ ይውላል። ለአባዬ የተመለሰ ሥራ ከሌብነት አይተናነስም። አንድ ሰው ሦስት ቁልፍ ካሰቀለ ያ ሥራ ከእጁ ወጥቶ ለሌላ ይሰጣል። የኦቶማቲክ ሥራ እኔ እጅ የገባው ስንት ተለማምጬ፣ ስንት አኩርፌ ነው። ከእኔ ቀጥሎ ዐይኑን የጣለበት ደግሞ የአክስቴ ልጅ ነው። ጥድፊያ ነው የምንለው። ክንዱ ብረት ነው፤ ችግሩ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚባለው ለእሱ ነው።

«እርግጠኛ ነኝ» አልኩ።

«እንግዲያው ያንቺ ናት» አለ አባዬ።

ሁነኛው መለኪያ ከገበያ ጠፍቷል። ግን ጎረቤታችን ጡረተኛው ዳኛ የዚችው ታናሽ እህት የመሰለች መኪና አላቸው፤ ከነመለኪያዋ። ሄጄ ለመንኳቸው። «ንብረቱ ካለ እኔ አይንቀሳቀስም» ብለው መለኪያቸውን በጋዜጣ ጠቅልለው ራሳቸው ይዘው መጡ። ወንበር ሰጠናቸው፤ ችሎት እንደሚመሩ ቁጭ አሉ።

የዳኛውን መለኪያ ከተትን፣ አወጣን። ዘይቱ ጫፉን ብቻ ነካ ነው ያደረገው። ዘይቷ ደርቆ ነው ምስኪኗ የምትጮኸው!

በማንቆርቆሪያ ጥቂት ጥቂት ጨመርኩ። በየመሀሉ ማርሹን እናዞራለን፣ እንለካለን። ልብስ ሰፊው አጠገቤ ቆሞ ነጭ ሐሩን በሁለት እጁ ዘርግቶ ይጠብቃል፤ መለኪያውን ባወጣሁ ቁጥር ይቀበለኛል። እጆቻችን ይነካካሉ። «ይቅርታ» ይላል። ደግሞ ይነካካሉ። ደግሞ ይቅርታ። ዳኛው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

ዘይቱ በዳኛው መለኪያ ልክ ሲሆን የእኛን ረጅሙን መለኪያ አጽድቼ ከተትኩት። ሳወጣው ዘይቱ ከሙሉው መስመር በጣም አልፎ ወጥቷል።

«አየህ? የዚህች መኪና እውነተኛው ሙሉ እዚህ ነው።»

ሜትሩን ከአንገቱ አውልቆ ሁለቱን መለኪያዎች ጎን ለጎን ይዞ ለካ። «ይህችን ያህል ነው የሚበላለጡት» አለ፣ የራሱን የጣት አንጓ እያሳየ። ከኪሱ ጠመኔ አውጥቶ ረጅሙ መለኪያ ላይ ሊያሰምር ሲል እጁን ያዝኩት።

«ጠመኔ በዘይት ይታጠባል።»

«ቀይ ክር ላስርበት?»

«ክሩ ካምቢዮ ውስጥ ገብቶ እናትህን ያስለቅሳቸዋል። ያዝልኝ።»

መለኪያውን በሁለት እጁ ያዘልኝ፤ እኔ በሞረድ ጫፍ አዲስ መስመር ቆረጥኩበት። ጎንበስ ባልንበት ፀጉሩ የአዲስ ጨርቅ ሽታ ይሸታል። መስመሩን ከሚያስፈልገው በላይ ጥቂት ቆየሁበት።

ሄዶ ዳገቱን ወጥቶባት ተመለሰ። ከመስኮቱ ብቅ ብሎ «እንደ ሙሽራ ነው የምትሄደው!» እያለ ይጮኻል። አባዬ «ካልተመለሰ ጥሩ ነው» አለ። ከአባዬ አፍ ይሄ ምስጋና ነው።

በቀጣዩ ቅዳሜ ተመለሰ።

ነጭ ሸሚዝ ለብሷል፣ ተኩሶታል። «ዘይቷን ቢያዩልኝ ብዬ ነው» አለ። «ትንሽ የጮኸች መሰለኝ።»

አየሁላት። እኔ የቆረጥኩት መስመር ላይ ቁጭ ብሏል፣ ንቅንቅ አላለም። «ምንም የላት» አልኩት። «ይመስገን» አለና አልሄደም። አንድ ጥቅል አውጥቶ ሰጠኝ። የጽዳት ጨርቆች ናቸው፤ ከየቬሎው ቅዳጅ ተቆርጠው የተሠሩ፣ ጠርዛቸው በእጅ የተዘመዘመ! ጥድፊያ አንዱን አንስቶ በጣቱ እየፈተገ «ይሄንን ግንባር ላይ ነው የሚያስሩት ወይስ ዘይት ይጠረግበታል?» አለ። ጋራዡ በሳቅ አበደ። እኔም ሳቅኩ። አንዷን ግን ማንም ሳያይ ደረት ኪሴ ውስጥ ከተትኳት።

ሻይ ጠጣን። እናቱ ሌሊት ሌሊት ለማዋለድ ሲጠሩ፣ እሱ ከኋላ ወንበር ተኝቶ እንዳደገ ነገረኝ። እኔ እናቴን በልጅነቴ አጥቼ እዚህ ጋራዥ እንዳደግኩ፣ አባዬ የፊደል ገበታ ሳይሆን የመፍቻ ቁጥር እንዳስቆጠረኝ ነገርኩት። ሳወራ ዐይኔን ነው የሚያየኝ፤ ሌላ ነገር አያይም። ቀና ብዬ ሳየው ደግሞ ሻዩን ያማስላል። ስኳር አልጨመረበትም።

ሲሄድ ዞር ብዬ በሩን አየሁ። አባዬ ሻይ ስንጠጣ የሰማያዊዋን ቁልፍ ከመኪናዋ ላይ ነቅሎ ሚስማሩ ላይ ሰቅሎት ኖሯል። ልብስ ሰፊው ከሚስማሩ ላይ አንስቶ «እዚህ ነው የምታስቀምጡት? ጥሩ ዘዴ ነው!» ብሎ ፈገግ እንዳለ ሄደ።

«አባዬ፣ ምንም አልሆነችም እኮ!»

«ሰው ምንም ላልሆነች መኪና ከቤቱ አይወጣም» አለ አባዬ። «ጮኸች ብሏል። ተመልሷል።»

በሌላው ቅዳሜም መጣ። ሸሚዙ አሁንም ተተኩሷል። አሁንም የጮኸች መስሎታል። ቁልፏ አሁንም ተሰቀለ።

እናንተ እያነበባችሁ «ይቺ ልጅ ዕውር ናት እንዴ?» ትሉ ይሆናል። ጋራዡ ሁሉ ገብቶታል፤ ዳኛው እንኳ ባለፉ ባገደሙ ቁጥር «ቀጠሮው ለቅዳሜ ነው?» እያሉ ያልፋሉ። እኔ ግን አእምሮዬ ውስጥ ያለው ዘይት ነው። መስመሩን አዛብቼው ይሆን? የሆነ ቦታ ያንጠባጥብ ይሆን? መኪናዋ ሥር ተኝቼ የዘይት ማሸጊያ ጎማውን፣ ቧንቧውን፣ ዙሪያውን በእጄ ዳበስኩ። ደረቅ ነው። ልቤ ቅዳሜን ይናፍቃል፣ ቅዳሜ ሲመጣ ደግሞ በሩ ላይ ያለውን ሚስማር አያለሁ። አንዲት ቁልፍ ነው የቀረችኝ። ጥድፊያ የኦቶማቲክ መፍቻዎቼን ሳልጠይቀው ወስዶ ማጽዳት ጀምሯል።

በሳምንቱ መሀል አልቻልኩም። እሱ ሳይኖር መኪናዋን ራሴ ነድቼ ላያት ብዬ ልብስ ስፌቱ ቤት ሄድኩ። እሱ ቬሎ ሊያደርስ በእግሩ ወጥቷል። እናቱ መስኮት አጠገብ ቁጭ ብለው ቁልፍ ይተክላሉ። ከላይ እስከ ታች አዩኝና ማን እንደሆንኩ ሳልነግራቸው ፈገግ አሉ።

«ነይ ግቢ የኔ ልጅ። መካኒኳ አንቺ ነሽ።»

«እማማ፣ ስለ መኪናዋ ነው የመጣሁት። አሁንም ትጮኻለች አሉ።»

«ማን አለ?»

«ልጅዎ።»

«እኔ ጠዋት ነድቻት ነው የገባሁት» አሉ፣ መርፌውን ሳያቆሙ። «እንደ ዱሮዋ ናት። እንዲያውም መለኪያውን የጣለብኝ ቀን ነው የደነገጥኩት እንጂ።»

«ያውቃሉ?»

«ልጄ፣ እኔ ስንት እናት ደብቃ የመጣችውን ሆድ ያወቅኩ ሰው ነኝ፣ መለኪያ ይጠፋኛል?» ሳቁ። «መኪናዬ ደህና ናት። ቅዳሜ ቅዳሜ ሸሚዝ የሚተኩሰውን ነው ማየት ያለብሽ።»

ያኔ ገባኝ። ገባኝና መጀመሪያ ደስታው ከእግር ጥፍሬ እስከ ራስ ፀጉሬ ወረረኝ። ቀጥሎ ሚስማሩ ትዝ አለኝ፤ ደሜ ፈላ።

በሩ ላይ ተገናኘን። ሲያየኝ ፊቱ በራ።

«ምንም ያልሆነችን መኪና ጮኸች እያልክ ነው የምታመጣው?» አልኩት።

ትከሻው ተሰበሰበ።

«አባቴ ቁልፉን ለምን እዚያ እንደሚሰቅለው ታውቃለህ? የማስቀመጫ ዘዴ መስሎሃል? የእኔ ሥራ ተመለሰ ማለት ነው! አንድ ጊዜ ደግሞ ከተሰቀለ የኦቶማቲክ ሥራ ከእጄ ይወጣል። ለአንተ ጨዋታ ነው። ለእኔ ግን ከዚያ ሌላ የማውቀው ነገር የለም።»

ፊቱ ነጣ። «አላወቅኩም» አለ። «እውነት አላወቅኩም። እኔ ሌላ ሰበብ አጥቼ ነው። ምን ብዬ ልምጣ?»

«አትምጣ! ሁለተኛ እንዳትመጣ!»

ብዬው ሄድኩ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ አፍስሼ የምለቅመው እንኳ አልነበረኝም። ከመጣ ሥራዬን አጣለሁ። ካልመጣ እሱን አጣለሁ። መንገዱን ሙሉ እሱንም ራሴንም እየረገምኩ፣ በዚያች በተዘመዘመች ጨርቅ አፍንጫዬን እየጠረግኩ ገባሁ።

ቅዳሜ ሆነ። ስንት ጊዜ ወደ በሩ እንዳየሁ አልናገርም። አባዬ አንዴ እኔን አንዴ በሩን አየና «ዛሬስ ድናለች መሰለኝ» አለ። «ድናለች» አልኩ።

እሱ ከመጣ መኪናዋ ትመጣለች፣ መኪናዋ ከመጣች ቁልፏ ይሰቀላል። እንዳይመጣ እየጸለይኩ እንዳይቀር እጸልያለሁ። ምን ዓይነት ጸሎት ነው?

መጣ። በእግሩ!

ሸሚዙ አልተተኮሰም። ፀጉሩ ተንጨባሯል። ቀጥ ብሎ አባዬ ያለበት የጭነት መኪና ሥር ሄዶ ጎንበስ አለ። «ጋሼ፣ አንዴ ይውጡልኝ» አለ። አባዬ ወጣ።

«ዛሬ በእግሬ ነው የመጣሁት። የሚሰቀል ቁልፍ የለኝም» አለና ሁለት ባዶ እጁን አሳየ። «ጋሼ፣ ያለፉት ሁለቱ የተመለሱ ሥራዎች አይደሉም። መኪናዋ አልጮኸችም። ዋሽቼ ነው። ልጅዎ የሠራችው ሥራ ልክ ነው፤ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ልክ ነው።»

ጥድፊያ እንኳ መዶሻውን አየር ላይ ይዞ ቀረ።

አባዬ እጁን ጠረገ። «ሰው ስለ ሰው ብሎ ይዋሻል» አለ። «ፊትም ከዋሸህ አሁንም ልትዋሽልኝ ትችላለህ። እኔ የማምነው መኪናዋን ነው።»

«እየመጣች ነው» አለ ልብስ ሰፊው።

እውነትም ሰማያዊዋ ኩርባውን ዞራ መጣች። የሚነዱት እናቱ ናቸው፤ መሪው ላይ ተጠግተው፣ ወጣት ሳሉ ምጥ ወደያዛት ሴት ቤት ይገሠግሱ እንደነበረው። አጠገባቸው የተቀመጡት ማን ቢሆኑ ጥሩ ነው? ዳኛው! በጋዜጣ የተጠቀለለውን መለኪያቸውን ጭናቸው ላይ አድርገዋል። ልብስ ሰፊው በጠዋት ቤታቸው ሄዶ ለምኗቸው ኖሯል።

«ማስረጃ ይዘናል» አሉ ሲወርዱ።

«ዳገቱን ሁሉ ዞሬ አሙቄልሃለሁ» አሉ እናቱ ለአባዬ። «ሞተሩን አላጠፋሁም። ልጅህ ለልጄ እንዳስተማረችው ነው።»

አባዬ ማንንም አላስጠጋም። ራሱ ገብቶ ፍሬን ይዞ ማርሹን ቀስ እያለ በየቦታው አዞረ፣ ፓርኪንግ ላይ መለሰ። ወርዶ ኮፈኑን ከፈተ። በመጀመሪያ በዳኛው መለኪያ ለካ። አወጣ፣ ጠረገ፣ ከተተ፣ አወጣ። ልክ። ቀጥሎ በረጅሙ። እኔ መተንፈስ አቁሜያለሁ። አወጣው፤ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቀለ፤ ወደ ብርሃን አዞረው። ዘይቱ በሞረድ በቆረጥኩት መስመር ላይ ነው፣ ከላይም አይደል ከታችም አይደል።

«ጥድፊያ» አለ አባዬ።

«አቤት።»

«መፍቻዎቿን መልስላት።»

ደስታዬን የት ላድርገው? ግን አባዬ አልጨረሰም። መለኪያውን እንደያዘ ወደ ልብስ ሰፊው ዞረ።

«እሺ፣ መኪናዋ ደህና ናት። ታዲያ አንተ ለምን ትመጣ ነበር?»

ልብስ ሰፊው መልስ ለአባዬ ሊሰጥ አፉን ከፈተ። ተወው። ወደ እኔ ዞረ።

«አንቺን ለማየት ነው» አለ። «ዘይቱ ሰበብ ነው። አንቺን ሳላይ የዋልኩበት ሳምንት አልገፋ አለኝ። እወድሻለሁ። ይሄን መናገር አቅቶኝ መኪና አሳመምኩ፣ ስምሽን ልጎዳ ነበር። ይቅርታ አድርጊልኝ።»

አንቺ አለኝ። እዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ የእናቱ መኪና እየተንፈቀፈቀ፣ አንቺ አለኝ። የዓለም እርስዎ ሁሉ ተጠራቅሞ ያቺን አንዲት አንቺ አያህልም።

መልስ ሁሉም ይጠብቃል። ዳኛው ሳይቀሩ ጋዜጣቸውን አጥፈው ይጠብቃሉ።

«ሁለተኛ ሰበብ እንዳትፈልግ» አልኩት። «ስትመጣ አንቺን ብዬ ነው በል። በዚህ በር፣ በግልጽ።»

«እሺ።»

«እኔም እወድሃለሁ። ሸሚዝህን ግን ተኩሰህ ና።»

ትከሻው ሁሉ ሳቀ። እናቱ እልል አሉ፣ ጥድፊያ መዶሻውን በርሜል ላይ እያንኳኳ አጀባቸው። አባዬ ጀርባውን ሰጥቶን ወደ በሩ ሄደ። ቀይ ሚስማሩን አየ አየና «እነዚያ ሁለቱ አልተቆጠሩም» ብሎ የጭነት መኪናው ሥር ገባ። እዚያ ሥር ብዙ ቆየ። የሚሠራበት ድምፅ ግን አልነበረም።

የሠርጌን ቬሎ ማን እንደሰፋው መናገር አያስፈልግም። ለልክ ሲያቆመኝ ሆዴን ዋጥ አደረግኩ፤ «ተንፍሺ» አለኝ፤ ሳቅኩ፤ ያኔ ለካኝ። ጎኑ ላይ ኪስ አድርግልኝ ብዬው ኪስ አደረገልኝ። ቬሎ ላይ ኪስ አይሠራም ብለው እናቱ ሦስት ቀን አኮረፉት።

በሠርጉ ጠዋት ሰማያዊዋ ቤታችን በር ላይ ቆማለች። የሚነዱት እናቱ ናቸው፤ ልጄ ሲያገባ መሪውን ለማንም አልሰጥም ብለው የቆዩ ናቸው። ከኋላ በዚያ ነጭ አንሶላ ላይ ልንቀመጥ ስንል አባዬ «ቆይ» አለ። ሙሉ ልብስ ለብሷል፤ ክራቫቱ አንቆታል። ኮፈኑን ከፈተ።

«አባዬ፣ ዛሬም?»

«ልጄን የምትወስድ መኪና ሳላይ አትወጣም። ማርሹን ያዙሩልኝ እስቲ።»

እናቱ አዞሩለት። አባዬ መለኪያውን መዘዘና ሳያየን እጁን ዘረጋ። «ጨርቅ!» ሙሽራው ከደረት ኪሱ ከእነዚያ ከተዘመዘሙት ነጭ ሐሮች አንዱን አውጥቶ ሰጠው። ጠረገ፣ ከተተ፣ አወጣ። መስመሩን ብዙ አየው፤ ከሚያስፈልገው በላይ።

«ልክ ነው» አለ። ኮፈኑን ዘጋ። ዐይኔን ግን አላየኝም። «የተመለሰ ነገር እንደማልወድ ታውቂያለሽ።»

«አውቃለሁ አባዬ።»

«አንቺ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ተመለሽ።»

«አባዬ! ሰኞ እኮ ሥራ እገባለሁ። የትም አልሄድኩም።»

«እሷ መካኒኳ ናት» አለ። ድምፁ ተሰበረ። «መካኒኳማ ትምጣ፣ ሥራ ነው። እኔ የምልሽ ስለ ልጄ ነው።»

መልስ አጣሁ። በሕይወቴ ሁለተኛ ጊዜዬ ነው። ጣቱ ላይ ዘይት ቀርቷል፤ እንባውን በዚያ ጣት እንዳይጠርግ እጁን ቀድሜ ያዝኩትና በቬሎዬ ጫፍ ጠረግኩለት። ነጩ ላይ ቀይ መስመር ቀረ። ሙሽራው ስንት ቀን የደከመበትን ልብስ አየ፣ እኔን አየ፣ ትከሻው መሳቅ ጀመረ።

እናቱ ጥሩምባውን ነፉ። «ሞቃለች!» አሉ። «ግቡ እንሂድ!»